የምሬን ነው

«እንዲህ አይደለም እትዬ፤ ትንሽ ጨነቅ ይበልሽ» አለ ቴክኒሻኑ በሬዲዮው።

«ወድቄያለሁ፣ እርዱኝ» አለች አክስቱ ከቤቷ ሆና።

«አሁንም ዳቦ የምትገዢ ነው የሚመስለው።»

«ምን ላድርግልህ ጩጬ! ሳልወድቅ ወደቅሁ ስል ሳቄ ይመጣል።»

የምርምር ማዕከሉ ዳይሬክተር ማይኩን ከቴክኒሻኑ እጅ ወሰደው። «እማማ፣ መጨረሻ ላይ ‹የምሬን ነው› ይበሉ። ያኔ እንግዶቹ ያምኑናል።»

የምርምር ማዕከሉ የሠራው ሬዲዮ ሞባይል ሲጠፋ የአደጋ ጥሪ ያደርሳል። መንግሥት ለእንዲህ ያለ የቴሌኮም ምርምር በጀት እንዲመድብ የሚያዘው ረቂቅ አዋጅ ነገ ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ካለፈ ማዕከሉ ይሰፋል፣ ቴክኒሻኑም ቋሚ ሠራተኛ ይሆናል። ካላለፈ በሩ ይዘጋል። ዛሬ የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ሬዲዮውን ሊያይ መጥቷል። ለማሳያው ተብሎ የአክስቱ ሰፈር የሞባይል ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።

አክስቱን የመረጣት ራሱ ነው። ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ብቻዋን ትኖራለች፤ ልቧም ደካማ ነው። እናቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት።

እንግዶቹ ተቀመጡ። መጀመሪያ አንድ ጎረምሳ በሬዲዮው ቤቴ ተቃጠለ ብሎ ጮኸ። ቀጥሎ አክስቱ የተሰጣትን ቃል ተናገረች። ተጨበጨበላት። ዳይሬክተሩ ስለ አዋጁ መናገር እንደጀመረ ሬዲዮው እንደገና ተከፈተ።

«ጩጬ... ደረቴን ያዘኝ። መነሳት... አቃተኝ።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሳቀች። «ይቺ ሴትዮ ቲያትር ቤት ነበር መግባት የነበረባት!»

«የምሬን ነው» አለች አክስቱ። «ልጄ፣ የምሬን ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ቴክኒሻኑ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የመስመር ስልክ አነሳ። ዳይሬክተሩ ክንዱን ያዘው። ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለ በጆሮው አንሾካሾከ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«አምቡላንስ ልጥራ። ይሄ ቃል አልተሰጣትም፤ የራሷ ነው።»

«በሙከራ ላይ ሰው ታመመ ከተባለ አዋጁ ሞተ። እንግዶቹ ይውጡ፤ ራሴ በመኪናዬ እወስዳታለሁ።»

«መቼ ነው የሚወጡት?»

«ሻያቸውን ጠጥተው።»

ቴክኒሻኑ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ቆመ።

«ምነው ዝም አላችኋት?» አለች ሰብሳቢዋ። «ለደወለ ሰው መልስ አይሰጥም እንዴ?»

«ይሰጣል እንጂ፣ ክብርት» አለ ዳይሬክተሩ። «መልስላት።»

ቴክኒሻኑ ስልኩን አስቀመጠ። ማይኩን አፉ አጠገብ አድርጎ የተጻፈለትን አነበበ። «ጥሪዎ ደርሶናል። እርዳታ መንገድ ላይ ነው።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች አክስቱ።

ከዚያ በኋላ ቃል አልመጣም። ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ይጎተታል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጎተታል። ሻይ ይዘው የገቡት አስተናጋጆች በእንግዶቹ መካከል ማደል ጀመሩ። ሰብሳቢዋ ሲኒዋን ተቀብላ ጆሮዋን ወደ ድምፅ ማጉያው አዘነበለች።

«ይሄ የሚያንኮራፋውስ ምንድን ነው?»

ዳይሬክተሩ ስኳር ያማስላል። ቀና አላለም።

«የመስመር ጫጫታ ነው፣ ክብርት» አለ ቴክኒሻኑ፤ የማጉያውንም ድምፅ ቀነሰው።