ለቅሶ የደረሰች መንገደኛ

አይናዲስ ክፉ ነገር ሳይመጣ ቀድማ የምትቀበል ሴት ናት። ዝናብ ሲዘገይ ሰሊጡ ደረቀ ትላለች፤ ሲዘንብ ደግሞ በሰበሰ ትላለች። ትራክተር ነጂው ባሏ ቸሩ ከአብደራፊ ካልደወለ ትራክተሩ ተገልብጦበታል፤ ከደወለም የደበቃት ነገር አለ። ስለዚህ ልጇ ወንጌል ከምትሠራበት ደሴት ደውላ፣ ለእረፍት እንድትመጣ ትኬት እንደቆረጠችላት ስትነግራት፣ አይናዲስ መጀመሪያ የጠየቀችው አውሮፕላን ባሕር ላይ ሲወድቅ ሬሳ ይገኝ እንደሆነ ነበር።

ወንጌል ከቤት ከወጣች አራት ዓመት ሆኗታል። ደሴቱ ላይ ባለ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሆቴሉ እንግዳ ሲቀንስበት ሠራተኞቹ ወላጅ አምጥተው እንዲያስተናግዱ ይፈቅዳል፤ ዘንድሮ ተራው የወንጌል ነው። ፓስፖርቱ ወጥቷል። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመነሳቷ በፊት በኢንተርኔት ጠይቃ የጉዞ ፈቃድ ማግኘት። እሱ ካልመጣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን አያሳፍሯትም።

አይናዲስ ለቀን ሠራተኞች አጎበርና የላስቲክ ጫማ የምትሸጥበትን ሱቋን ዘግታ መተማ ዮሐንስ ገበያ ዳር ወዳለው የሰርኬ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደች። ሰርኬ እጇም አፏም ፈጣን ነው። ፎቶ ልታነሳት ነጭ አንሶላ ሰቀለች፤ ሙቀቱ ግን ፊቷን እያላበው፣ ጭንቀቱ ግንባሯን እያኮማተረው ሦስቴ ተበላሸ።

«እትዬ፣ ለእስር እኮ አይደለም የማነሳሽ፤ እስቲ ፊትሽን ፍችው» አለቻት።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ትሞላ ጀመር። አይናዲስ አሥረኛ ክፍልን የጨረሰች ስለሆነች እንግሊዝኛውን ቀስ እያለች ታነባለች። ጋባዥ ማን ነው? ወንጌል። የት ትሠራለች? ሆቴሉ ተጻፈ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግን አይኗን ተከለው። የሚያስቀምጥና የሚያስመልስ ወረርሽኝ ገብቶባቸዋል የተባሉ አገሮች ተዘርዝረዋል፤ በቅርቡ ከእነዚህ ወደ አንዱ ሄደው ያውቃሉ ወይ ይላል። ከተዘረዘሩት አንዷ ሱዳን ናት።

ሰርኬ ሳትጠይቃት «የለም» የሚለውን ነካች።

አይናዲስ ባለፈው ሳምንት ድልድዩን ተሻግራ ሱዳን፣ ጋላባት ሄዳ እንደነበር በለሆሳስ ተናገረች። ሰርኬ በሳቅ ወንበሯ ላይ ተወዛወዘች።

«ማዶ ደግሞ አገር ነው እንዴ? እንዲያ ከሆነ እኔ ጠዋት ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ ከውጭ አገር መጣሁ ልበል?»

እውነቷን ነው። መተማ ላይ ማዶ መሄድ ጎረቤት እንደመሄድ ነው፤ ሻንጣም የለው፣ ስንብትም የለው። አይናዲስ የሄደችው ደግሞ ለንግድ አልነበረም። ስንት ዘመን አብራት የነገደችው የጋላባቷ ሩፊዳ እናቷ ሞታባት፣ እሷ ዘንድ ለቅሶ ልትደርስ ነው። ይህን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት፣ ሰርኬ ልካው ጨርሳ ነበር።

ፈቃዱ በማግስቱ መጣ። ሰርኬ እልል ብላ አትማ ሰጠቻት። አይናዲስ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያም ሆኖ እንደ ፍም አቃጠላት። እንደሚደርሱባት አልተጠራጠረችም። በደሴቱ በር ላይ አንድ መኮንን ጣቱን ይቀስርባታል፤ ዋሽታለች ይላል፤ ጋባዧ ማን ናት ሲባል ወንጌል ትጠራለች፤ ልጂቱ ከሥራዋ ትባረራለች፤ አገር ለአገር ትንከራተታለች። ሆዷ በጮኸ ቁጥርም በሽታው የያዛት እየመሰላት ጨውና ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣ ጀመር።

ለቸሩ ደውላ ብታማክረው፣ ከትራክተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ ቀለደባት።

«አይና፣ ሂጅ ያለሽን ሰው አንች ልሂድ ወይ ብለሽ መልሰሽ ትጠይቂያለሽ?»

የገበያው ቀን ሩፊዳ ቅመም ይዛ ተሻገረች። አይናዲስ ሱቋ ውስጥ አስቀምጣ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። ሩፊዳ ሐዘንተኛ ብትሆንም ሳቀች።

«አልመጣሁም በያቸው እንጂ፣ እህቴ። ወላሂ አልቀየምሽም። መምጣትሽን እኔ አይቻለሁ፤ ይበቃኛል።»

አይናዲስ ልቧ ሊያርፍ ሲል፣ ያ ክፉን ቀድሞ የሚያሸት አመሏ ሌላ ጥያቄ አስጠየቃት። ከለቅሶው በኋላ የታመመ ሰው አለ ወይ? ሩፊዳ ሳቋን አቆመች። ከቤተሰቡ ማንም አልታመመም፤ እናቷም የሞተችው በእርጅና ነው። የጎረቤቷ ልጅ ግን ትናንት አስቀምጦት አስመልሶት ሐኪም ቤት ወስደውታል። ለለቀስተኛው የቀረበው ውሃ የተቀዳው ከእነዚያ ጎረቤቶች በርሜል ነበር።

አይናዲስ ከዚያ ውሃ በጣሳ ጠጥታለች። እንደገናም አስቀድታ ጠጥታለች።

ሩፊዳ እንደሄደች ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ገባች። መርምረው ምንም የለብሽም አሏት፤ ቢሆንም ለጥቂት ቀን ራስሽን ጠብቂ፣ ውሃ አፍልተሽ ጠጪ አሏት። ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም የለብሽም» የሚለውን ይዞ ይወጣ ነበር። አይናዲስ «ቢሆንም» የምትለዋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ሰርኬ በር ላይ ቆማ፣ መልሱን አስተካክይልኝ አለቻት።

ሰርኬ አሁን አልሳቀችም። የተላከ መልስ አይታረምም፤ የተሰጠው ፈቃድ ተሰርዞ እንደገና መጠየቅ ነው፤ ሱዳን ነበርኩ ያለ ሰው ደግሞ ይፈቀድለት አይፈቀድለት አይታወቅም። መሄጃው ቀንም ቀርቧል።

«እግዜር የከፈተልሽን በር በገዛ እጅሽ ልትዘጊ ነው፣ እትዬ?»

«ዝጊው» አለች አይናዲስ። ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመሰላትም።

ሰርኬ እያጉተመተመች ሰረዘችው። አዲሱን ሲሞሉ አይናዲስ አንድ በአንድ አስጻፈች። አዎ፣ ሱዳን ነበርኩ። ጋላባት። ለቅሶ ለመድረስ። ያልፈላ ውሃ ጠጥቻለሁ። የጎረቤት ልጅ ታሟል። እኔ እስካሁን ደኅና ነኝ። የጤና ጣቢያውም ወረቀት አብሮ ተላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ገና እየታየ ነው የሚል ብቻ።

ለወንጌል ስትነግራት ልጂቱ አለቀሰች። አልጋውን አንጥፋ፣ የእረፍት ቀኗን አስፈቅዳ፣ ለጓደኞቿ ሁሉ እናቴ ልትመጣ ነው ብላ ጨርሳለች።

«አንድ ቃል እኮ ነበረች፣ እማ። ማን ይጠይቅሽ ነበር?»

«አንች ወጥ ቤት ነሽ» አለቻት አይናዲስ። «ያ ሁሉ ሰው የሚበላው ከእጅሽ ነው። እኔ ደግሞ መጥቼ ያንን እጅሽን ልስም ነው።»

ወንጌል ቻው ሳትል ስልኩን ዘጋችው፤ አይናዲስም ልጄን በገዛ አፌ አጣኋት ብላ አጎበሮቹ መሐል ተቀምጣ አለቀሰች።

መሄጃው ሲደርስ ፈቃዱ አልመጣም ነበር። ቸሩ ከአብደራፊ መጥቶ ሻንጣዋን አነሳና፣ የሚቀርም ከሆነ ጎንደር ላይ ይቅር፣ ቢያንስ ነፋሻ አገር አይተሽ ትመለሻለሽ ብሎ ሚኒባሱ ላይ አሳፈራት። ሸሕዲ ላይ ሚኒባሱ ለአረም የሚወርዱ ሠራተኞችን ለማሳለፍ ቆመ፤ አይናዲስ ለምን ቆመ ብላ ሦስት ሰው ጠየቀች። ስልኳ ኔትወርክ ባጣ ቁጥር አሁን መጥቶ ይሆናል ትላለች፤ ባገኘ ቁጥር ደግሞ ለማየት ትፈራለች። ደጋውን ሲወጡ ብርዱ ሲነካት ተንቀጠቀጠች፤ ትኩሳቱ ጀመረኝ ብላም አብሯት የተቀመጠችውን ሴትዮ ግንባሯን አስነካቻት። ሴትዮዋ ጋቢ ብቻ አለበሰቻት።

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት አዘዞ ሲደርሱ ስልኳ ጮኸ። ሰርኬ ናት። ፈቃዱ መጥቷል። ነገር አለው ግን፤ እንደደረሰች ከሰው ተለይታ በጤና ሠራተኞች ትመረመራለች፤ ምልክት ከተገኘባት ወደ ሐኪም ቤት እንጂ ወደ ልጇ አትሄድም። አይናዲስ ከዜናው ውስጥ ሐኪም ቤት የሚለውን ብቻ ሰማች። እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕሩን ሁሉ እስኪሻገሩ፣ ልጇን ሳታይ ነጭ አልጋ ላይ ስትሞት በአይነ ኅሊናዋ እያየች ደጋግማ ራሷን ቀበረች።

ደሴቱ ላይ እንዳሉትም ሆነ። ሌላው መንገደኛ ሁሉ እየሳቀ አለፈ፤ እሷን አንዲት ረጅም ነርስ ስሟን አዛብታ ጠርታ፣ ጭንብል አድርጋላት፣ በመስታወት የተከለለ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። ሙቀቷን ለኩ። የሆነ ነገር ጻፉ። ጠብቂ አሏት።

ያን ጊዜ ከመስታወቱ ወዲያ፣ ከተቀባዮቹ መሐል ወንጌልን አየቻት። ወፍራለች፤ ፀጉሯን ተቆርጣለች። እናቷን በጭንብል ከነርሶች መሐል ስታይ ግን ሁለት እጇን ጉንጮቿ ላይ ጭና ከወገቧ ትወዛወዝ ጀመር፤ ከንፈሯም ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። አይናዲስ ያንን አኳኋን አወቀችው። የልጂቱ አልነበረም፤ የራሷ ነው። ልጇ እዚያ ቆማ እየቀበረቻት ነው።

አይናዲስ ተነሳች። እጇን ከፍ አድርጋ መዳፏን ወደ ታች ደጋግማ አወረደች፤ ሱቋ ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን የምታባብል ይመስል። አይኗንም ከጭንብሉ በላይ ፈገግ አደረገችው።

«ምንም አይደለም» አለች፣ መስታወቱ ድምፅ እንደማያሳልፍ እያወቀች። «ደኅና ነኝ፣ ልጄ። ቆይ ብቻ፣ እመጣለሁ።»

ወንጌል እጇን ከጉንጯ ላይ ቀስ ብላ አወረደች። ነርሷ ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ አይናዲስ ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷት መሰላት፤ እጇን ግን ልጇ እያየች ስለሆነ አላወረደችውም።