ሃምሳ ዘጠነኛው የጾም ቀን

59

«ጾም ነኝ እኮ፣ እማ።»


59

ደግሜ ልጻፈው፤ እናትየዋም መጀመሪያ አልሰማችውም።

ረድኤት ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ለምሳ ገብታ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማለች። እናቷ እታገኘሁ ከበዓል የተረፈውን ዶሮ አሙቃ፣ ከእንቁላሉ ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ ጉርሻውን ወደ ልጇ አፍ አስጠግታለች።

«ዛሬ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።»

የእታገኘሁ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ዐቢይ ጾም ሃምሳ አምስት ቀን ነው። በማግስቱ ፋሲካ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ደግሞ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ይህን በሰፈሩ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ረድኤትማ የሰንበት ተማሪ ናት።

እኔም ይህን ታሪክ የምቆጥረው በጾሙ ቀን ነው። ቁጥሩ ሃምሳ አምስት ላይ መቆም ነበረበት።

አልቆመም።


1

ሰኞ። ደሴ። ሁለት ክፍል ቤት፤ ከፊት ያለው የእታገኘሁ ልብስ ስፌት ቤት፣ ከኋላ ያለው እናትና ልጅ የሚኖሩበት።

«እማ፣ ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምጾመው። በየቀኑ።»

እታገኘሁ የስፌት መኪናዋን መዘውር አቁማ ቀና አለች። ዓምና በዚሁ ጾም እንቁላል ቀቅላ ስትበላ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ልጅ እኮ ናት! ቅርፊቱን ጫማዋ ውስጥ ደብቃ።

«ኧረ ባክሽ? ምን ታየሽ?»

«ምንም። ልጹም ብዬ ነው።»

እታገኘሁ ሳቀች። ባሏ ካረፈ አራት ዓመት ሊሞላው ነው፤ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ ሳቁን ቆማ አየችው። ይህን ያዙልኝ።


1

(ያው ሰኞ፤ እናትየዋ ያላየችው።)

የክፍሉ ልጆች ለሽርሽር ሄደው የተነሱት ፎቶ ስልክ ላይ ተለጥፏል። ሃያ ሁለት ልጆች። ከፎቶው ሥር አንዱ እንዲህ ብሏል፦ «የረድኤት ጉንጭ ለብቻው ስክሪኑን ሞላው 😂»

ዐሥራ ዘጠኝ ሰው ሳቀበት። ረድኤትም ራሷ ሳቀችበት። ኩራት ነዋ።

ከዚያ ስልኩ፣ የልብ አዋቂ ይመስል፣ ቀጫጭን ልጆች ያመጣላት ጀመር። ወገባቸውን በሁለት መዳፍ የሚጨብጡ። ጠዋት በባዶ ሆድ ምን እንደሚጠጡ የሚያስተምሩ። አንዱን አይታ ሳትጨርስ ሌላው ይከተላል፤ ማን ጠራቸው?


19

የአንዲት ልጅ የአንድ ቀን መልሶች፦

ጠዋት፦ «ጾም ነኝ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፦ «ቤተ ክርስቲያን ጠበል ጠጥቼ ቆሎ ቀምሻለሁ።»

ማታ፦ «ጠግቤያለሁ። ሽሮውን ለነገ አስቀምጪልኝ።»

በነጋታው፦ «ጾም ነኝ።»

እታገኘሁ ደግሞ ለጎረቤቷ ለጸዳለ በአጥር ላይ፦ «ልጄ መነኮሰችብኝ እኮ!»

«እሰይ! የኔዋ ስልኳን ታቅፋ ነው የምትውለው።»

«የኔዋም ታቅፋለች፤ ግን ትጾማለች።»

እንዲህ ብላ ስትመለስ እርምጃዋ ራሱ ሌላ ነበር። ለልጇ መኩራት ማንን ገደለ?


41

ቅዳሜ። ለፋሲካ ቀሚስ ልኬት። ከእታገኘሁ ደብተር፦

ስም፦ ረድኤት (የኔዋ)
ደረት፦ ________
ወገብ፦ ________
ክንድ፦ ________
ማስታወሻ፦ ሜትሩ ተለጥጧል። አዲስ ይገዛ።

ቁጥሮቹን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ብጽፋቸው አንዷ አንባቢ ተነስታ ሜትር ትፈልጋለች። በግምት አይደለም የምናገረው፤ ስልሳኛው ቀን ላይ ታዩታላችሁ።

እታገኘሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ለክታለች። አንዲት ሴት በበሩ ስትገባ አካሄዷን ዐይታ እርጉዝ መሆኗን ከባሏ ቀድማ የምታውቅ ሰው ናት። ያን ዕለት ግን ቁጥሩ ሲያንስባት የጠረጠረችው ሜትሩን ነው። ያረጀ ሜትር ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ አሳንሶ ይናገራል። ሙያዋ ነው፣ ልክ ናት። ከገበያ አዲስ ገዝታ መጣችና ደግማ ለካች።

ያው።

እዚህ ላይ ብትደነግጥ ኖሮ ይህን ታሪክ እዚሁ እጨርሰው ነበር። እሷ ግን ስፒሎቹን በጥርሷ እንደነከሰች ተንበርክካ ወገቡን አጠበበችና ቀና ብላ እንዲህ አለች፦

«ጎበዝ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ መጾም!»

ስልኩ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «ቀሚሱን ለጓደኞቼ ላሳያቸው ነው» ብላታለች ልጅቷ።


54

ስቅለት። ረድኤት ከሐሙስ ጀምራ እህል አልቀመሰችም፤ አክፍሎት ነው። በሰሙነ ሕማማት ከሐሙስ ወይም ከዓርብ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ ሳይሉ መቆየት፤ ይህም ቢሆን ለቻለ ነው።

ከስግደት ስትነሳ ዐምዱን ያዘች።

«እማ፣ ዐይኔ ጨለመብኝ።»

«እኔም ጨልሞብኛል። እንዲህ ነው እንጂ!»

ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ረድኤትን በስስት ዐዩዋት። አንዷማ «ለኔም በጸለይሽልኝ» ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። ከንፈሯ አጥንት እንደነካ እርግጠኛ ነኝ። ማንም ግን አጥንት አላለም። ጽድቅ አሉት።


56

ፋሲካ። ሀገር ሁሉ ፈሰከ።

ረድኤት አዲሱን ቀሚስ ለብሳ ሳህኑን ዐየችው። «ሆዴ አልለመደውም፤ ቀስ ልበል» አለች።

እውነቷን ነው፣ አሉ።


57

እውነቷን ነው።


58

እውነቷን


59

ሦስተኛ ጊዜ፤ አሁን ግን እስከ መጨረሻው።

እጁ አየር ላይ ነው። መረቁ በእታገኘሁ አንጓ ላይ እየወረደ ነው።

«ረቡዕ?» አለች። «የምን ረቡዕ? በዓለ ሃምሳ አይደለም እንዴ?»

ያኔ የረድኤት ፊት ተለወጠ። እታገኘሁ ይህን ፊት ታውቀዋለች፤ የእንቁላሉ ቅርፊት ጫማ ውስጥ የተገኘ ቀን ዐይታዋለች። ያን ጊዜ ልጅቷ የተያዘችው ስትበላ ነበር።

«ረስቼው ነው፣ እማ። ደወል ሊደወል ነው፣ ልሂድ።»

ሄደች። እታገኘሁ ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። ጉርሻ መልሳ አታውቅም። ተቀመጠች፤ ከዚያ ለራሷ «ረስታው ነው» አለች።

ማታ ጠየቀቻት። «ፈተና ደርሷል፣ አዙሮብኝ ነው» ተባለች። ዐደሩ።


60

(ሐሙስ ረፋድ፤ ስፌት ቤቱ። ዳግም ትንሣኤ ደርሶ ሠርግ በሠርግ ነው። ኤፍራታ የምትባል ሚዜ ቀሚሷን ልታስጠብብ መጥታለች።)

ኤፍራታ፦ ሁለት ጣት ያህል ያጥብቡልኝ።

እታገኘሁ፦ ከትናንት ወዲያ ለካሁሽ አይደል እንዴ?

ኤፍራታ፦ እስከ እሑድ ደግሞ እቀንሳለሁ።

እታገኘሁ፦ ከምንሽ ላይ ነው የምትቀንሺው? በይ ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ጎበዝ የኔ ልጅ።

(ኤፍራታ ዞራ ታያታለች።)

ኤፍራታ፦ ይቅርታ... አንዴ ይድገሙልኝ?

እታገኘሁ፦ ምኑን?

ኤፍራታ፦ አሁን ያሉትን።

እታገኘሁ፦ ጎበዝ የኔ ልጅ?

ኤፍራታ፦ ወይኔ! እርስዎ ነዎት እንዴ?! ድምፅዎን አውቄዋለሁ ስል! እኔም እኮ በድምፅዎ ቪዲዮ ሠርቼበታለሁ!


60

ኤፍራታ በዘረጋችላት ስልክ ላይ መጀመሪያ የታያት የራሷ እጅ ነው። ጣቷ ላይ ያለው የስፌት ቀለበት፣ አዲሱ ሜትር፣ የልጇ ወገብ። ከዚያ ድምፁ፦ «ጎበዝ የኔ ልጅ! እንዲህ ነው እንጂ መጾም!»

ኤፍራታ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው።

ሌላ ቤት። ሌላ ልጅ፤ የትምህርት ቤት ልብሷን ገልጣ የጎድን አጥንቷን ትቆጥራለች። ድምፁ የእታገኘሁ ነው።

ገፋ።

አልጋ ላይ የተኛች፤ አንጓዋን በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ትለካለች። ድምፁ የእታገኘሁ ነው።

ገፋ።

ነጠላ የለበሰች። ገፋ። ሂጃብ የለበሰች። ገፋ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የማይሞላት፣ የአባቷን ቀበቶ ሁለት ጊዜ ዞሮ ሲደርስላት ለካሜራው የምታሳይ።

«ጎበዝ የኔ ልጅ!»

«ስንት ናቸው?» አለች እታገኘሁ። ድምፅዋ ሰልሎ የራሷ አልመስል አላት።

«በእርስዎ ድምፅ የተሠሩት? ዐሥራ አንድ ሺህ አልፈዋል። ታዋቂ ነዎት እኮ!»


60

ከሥር ከተጻፉት፦

«እናትሽን አውሺኝ።»

«የዛሬ ምሳዬ ይህ ድምፅ ነው።»

«ርቦኝ እያለቀስኩ ነበር፣ ይህን ሰማሁና ተኛሁ።»

«እማዬ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»


60

«እኔ?» አለች እታገኘሁ።


60

ሚዜዋን ስፒል እንደተሰካባት ትታት ወጣች። በሩንም አልዘጋችውም። ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ዳገቱን ወጣች። በመንገድ ላይ ያገኘቻትን ልጅ ሁሉ ዐየች፤ እናንተም ብትሆኑ ታዩ ነበር። ይቺ በልታለች? ያቺስ? የኔን ድምፅ ሰምታ ይሆን?

የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ገና ከሩቅ ሲያያት ተነሳ። ሰው ከመቀመጫው እንዲያ ሲነሳ ጥሩ ነገር ሊናገር አይደለም።

«የረድኤት እናት? አሁን ሊደውሉልሽ ነበር። ስፖርት ላይ ወድቃ ሐኪም ቤት ወስደዋታል። አይዞሽ፣ ትተነፍሳለች።»

ትተነፍሳለች።


61

ዓርብ። እታገኘሁ ሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ይዛ ገባች፦ ዶሮ፣ ዐይብ፣ እንቁላል። ሌሊቱን እያለቀሰች የሠራችው ነው። ዶክተር ሰይድ ክዳኑን ከፍቶ ዐየና መልሶ ከደነው።

«ይህን ካበላሻት ልትገድያት ትችያለሽ።»

«ምን?»

«ብዙ የተራበ ሰውነት ድንገት ሲበላ ልብ ሊቆም ይችላል። በልክ ነው። ቀጭን አጥሚት፣ ሦስት ማንኪያ። ከዚያ እናያለን። እሷ ከፈቀደች ደግሞ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ አፏን አልከፈተችም። በግሉኮስ ብቻ ብዙ አንገፋም።»

እታገኘሁ ምሳ ዕቃውን ወደ ጥግ ገፋችው። ሃያ ሁለት ዓመት በሜትር፤ አሁን በማንኪያ።

ዶክተሩ ወጣ። እናትና ልጅ ቀሩ። የተባባሉትን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አላሳመርኩትም።

«ለምን በጾሙ?»

«ጾም ነኝ ስል ማንም ሁለተኛ አይጠይቀኝም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ደስ ይልሽ ነበር።» ረድኤት ጣራውን ዐየች። «አባዬ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ስትስቂ ዐይቼሽ አላውቅም።»

እታገኘሁ ብርድ ልብሱን አስተካከለችላት።

«ቪዲዮውን አጥፍቼዋለሁ፣ እማ። ሌሎቹ ጋ ግን አለ። እነሱን ማጥፋት አልችልም።»

«ልጄ፣ ብዪ።»

«ብዪ ስትይኝ ሆዴ ይዘጋል። ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ይቆማል። የፈለግሁ ይመስልሻል?»

እታገኘሁ ወደ አልጋው ተጠጋች። የልጇን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም እጆች በአንዱ መዳፏ ውስጥ ገቡ። ይህን ጊዜ ሜትሩን አልጠረጠረችም።


62

ይህን ክፍል አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት። አጥሚቱ ለብ ብሏል።

አንደኛ ማንኪያ። ከንፈሯን ነክቶ ተመለሰ።

እታገኘሁ አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ፀሐዩ ከመስኮቱ ወደ አልጋው እስኪመጣ ጠበቀች።

ሁለተኛ ማንኪያ። ረድኤት ዐይኗን ጨፈነች። አፏን ከፈተች።

ያዘችው።

ቆየ።

ዋጠችው።

እታገኘሁ የልጇ ጉሮሮ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል ዐየች። ደስታ ከሆዷ ተነስቶ እስከ ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ ከደስታው ጋር ደግሞ ያው ቃል አብሮ መጣ። ልጇ ቆማ የሄደች ቀን ያለችው፣ ፊደል የለየች ቀን ያለችው፣ ሌላ ለዚህ የሚሆን ቃል ኖሯት አያውቅም። ጥርሷን ነከሰችበት። ዐሥራ አንድ ሺህ ልጆች ያ ቃል ውስጥ ተሰልፈው ታዩዋት።

ረድኤት ዐይኗን ገለጠች። እናቷን ዐየቻት። በልጅነቷ የሆነ ነገር ሠርታ እንደምትጠብቀው፣ እንደዚያ ጠበቀች። ሦስተኛው ማንኪያ በእታገኘሁ እጅ ላይ ነው፤ አፍ የሚከፈተውም የማይከፈተውም ከዚህ ቀጥሎ በምትሰማው ነው።

እታገኘሁ እንዲህ አለቻት፤ እንደ ቁጥሮቹ ይህንንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ፦


«


                              »