ያለ ባል የተሞቀ ወይባ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያ ውስጥ «ወንድማችን» ነው የሚሉኝ። ማሞገሳቸው ነው፤ እኔም እንደ ሙገሳ እየዋጥኩት ኖርኩ። ባሌ አድላን ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን በረሃ ሄዶ ከቀረ ሰባት ዓመቱ ነው። ሞተም አላሉኝ፣ አለም አላሉኝ። ጨረታው ላይ ወንበሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያሸነፍኩት የሰሊጥ ክምር ሁሉ ግን የሚጠራው «ለአድላን» እየተባለ ነው።

ወንበሩን ላለማጣት ብዙ ነገር ጣልኩ። ሒና ተውኩ፣ ሽቶ ተውኩ፣ ሳቄን ሳይቀር አወፈርኩት። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ወይባው ነው። እኛ ዘንድ የወይባ ጢስ የምትሞቅ ባሏ ቤት ያለ ሴት ናት። እንጨቱ የሚጤስበት ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ ተሸፋፍና የሞቀችው ጢስ ከገላዋ ቶሎ አይለቅም። ጎረቤቱ ሁሉ አሽትቶ ያውቃል፤ ባሏ ዛሬ ደስ ብሎት ያድራል ይላል። ባሏ የሌለ ከሸተተች ደግሞ «ለማን ብላ ነው?» ትባላለች፤ ያን ጊዜ ጉድሽ ፈላ።

አድላን ያን ጠረን ሲያገኝ ከበር ጀምሮ ይጠራኝ ነበር። «ስታና! ገበያውን በትኜ መጣሁ፣ ገደልሽኝ እኮ!» ለዓመታት እሱ ብቻ የናፈቀኝ መስሎኝ ነበር። ለካ በር ላይ ቆማ የምትስቅለት ያቺ የድሮዋ ስታናም ናፍቃኛለች።

ባለፈው እሁድ ከሰዓት ጉድጓዱን የከደንኩበትን ሰሌን ገለበጥኩት። ጎረቤቴ ቱማ ጢሱን አይታ በአጥሩ ብቅ አለች።

«አድላን መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

«ታዲያ ምን ነካሽ? ነገ ጨረታ አለብሽ እኮ።»

«ይኑራ።»

«እንግዲያው ፍሙን አታብዢው፤ ጭንሽን ይለበልብሻል» ብላ የራሷን ቅባት አቀበለችኝ። ነፍስ ናት ቱማ።

በማግስቱ ገበያ ስገባ ነጋዴው ክምሩን ከቦ ይጨቃጨቃል። ወደ ወንበሬ ሳልፍ ጭቅጭቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አፍንጫ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። ደስም አለኝ። እንደ ጆንያ ሲያልፈኝ የኖረ ወንድ ሁሉ ቀና ብሎ አየኝ።

የገበያው ሽማግሌ ሐጅ ደፋአላ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው ተነሡ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ። አልሐምዱሊላህ፣ አድላን ገባ!»

ገበያው ተንጫጫ። አንዱ በግ እልካለሁ ይላል፤ ሌላው «ምነው ደበቅሽን? ጠረኑ ነገረን እኮ» እያለ ይስቃል። ሐጅ የወንበሬን አቧራ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«በይ፣ ባለቤቱ መጥቷል። አንቺ ብዙ ለፋሽ፣ ግቢና እረፊ። የታል? መኪና እያቆመ ነው?» ብለው ወደ በሩ አዩ።

ሁሉም አየ። እኔም ዞሬ አየሁ። እንዳልመጣ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ልቤ ግን ቀድማኝ በሩ ላይ ደረሰች። ጆንያ የተጫነች አህያ ገባች።

«ማንም አልመጣም» አልኩ። «ለራሴ ነው የሞቅኩት።»

«ለራስሽ ማለት?» አሉ ሐጅ።

«ሴትነቴ ናፈቀኝ። ወንበሩንም ይተዉልኝ፣ ሐጅ። እሱ ከተቀመጠበት ይልቅ እኔ የተቀመጥኩበት ዘመን ይበዛል።»

ከኋላ አንዱ «ወንድማችን ሴት ሆነ!» አለ። ሁለት ሦስቱ ሳቁ። ሐጅ እጃቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡ፤ ተቀመጥኩ።

አጫራቹ ሸንግራይ ጀመረ። ዋጋ ሰጠሁ፤ ጨመሩብኝ። ሰሊጡን ፈልገው ሳይሆን ሊቀጡኝ እንደሆነ ገብቶኛል። እኔም ጨመርኩ። አንድ በአንድ እየተዉ ሄዱና ክምሩ የኔ ሆነ። ሸንግራይ እንደ ልማዱ «ለአድ…» ብሎ አየኝ። ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ለስታና» አለ።

ይህን ቃል ከዚያ ገበያ ለመስማት ስንት ዓመት ጠበቅኩ። ደስ አለኝ፣ እንዴት አይለኝ። ግን ይህ ጠረን ገላዬ ላይ እያለ ስሜን የጠራ ወንድ ከዚያ በፊት አንድ ብቻ ነበር። የተከናነብኩትን ቶብ ፊቴ ላይ ሳብ አድርጌ ሸካሚዎቹን ጠራሁ።