የልብስ ሰፊው ጆሮ

አሳታሚው የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማው ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። ምንም እንዳትጨነቅ ነገራት። የመጨረሻው ምዕራፍ ቢቀርም ስለ ድልድዩ የጻፈችው መጽሐፍ ይታተማል፤ ድልድዩ እንዴት እንደተሠራ ከተተረከ፣ ድንጋይ ያመላለሱት ሴቶች ታሪክ ባይገባም አንባቢ ጎደለ አይልም። ልጅቷ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሳ «እሺ፣ ይቅር» አለች።

አያትየዋ ከጎኗ ሆነው ሰሙ። ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸው ደግሞ አሳፈራቸው። የቀበሩት ልጃቸውን፣ የልጅቷን አባት ነው። የቀረቻቸው ይቺ የልጅ ልጅ ናት፣ እሷም ከቀብሩ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። መጽሐፉ ይቅርባት። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ ሳቡላት፤ ሞቀኝ ብላ አወረደችው፤ መልሰው ሳቡላት።

ጥግ የተቀመጠች ጎረቤት ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ተሰማ፤ «አባቷ እኮ ነበር የሚጽፍላት ይላሉ።»

«ልብስ ሰፊው? ፊርማውን እንኳ በመከራ!»

አያትየዋ ሊቆጧቸው ፈለጉና ተዉት። ልጃቸው አንድ መስመር አልጻፈም፤ ያደመጠ ግን እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጅቷ ከመጻፏ በፊት ሱቁ ገብታ የጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ ትልና የዕለቱን በቃሏ ትነግረው ነበር። እሱ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳያነሳ ይሰፋል። ወሬው ልቡን ሲይዘው ብቻ እግሩ ይቆማል፣ መርፌው ጨርቅ ውስጥ እንደተተከለ ይቀራል። ያን ጊዜ ሮጣ ሄዳ ትጽፋለች። ካልቆመ፣ «እግሬ አልሰማሽም፣ የኔ ልጅ። እንደገና» ይላታል። አያትየዋ ስንቴ ተቆጡት፣ ልጅቷን አታድክማት እያሉ! እሱ ይስቃል፤ «እማዬ፣ ማባበሉ ያንቺ፣ መስማቱ የኔ።»

የከሰዓቱ ለቀስተኛ ሲበተን ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ልጅቷ ወረቀቶቿን ሰብስባ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረች፣ ቀስ እያለች፣ ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው። ይህን ሲያዩ የአያትየዋ ደስታ ጥሏቸው ሄደ። ሁለተኛ ቀብር መሰላቸው።

«እስቲ ስለ ሴቶቹ ንገሪኝ» አሉ።

«ይቅር እማማ። ደክሞኛል።»

«ለኔ ብለሽ።»

ነገረቻቸው። ስንት እንደነበሩ፣ ከየት እንደመጡ፣ ምን ያህል እንደሠሩ፤ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት እንደሚያነብ ሰው። ስትጨርስ ቀና ብላ አየቻቸው። አያትየዋ «እሰይ፣ ጎበዝ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዕድሜ ልኳን ሲሏት የኖሩት ይህንኑ ነው። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም።

«አልያዘኝም፣ እናቴ» አሉ። «ሐሳቤ ወጥ ቤት ነበር። እንደገና።»

ልጅቷ በጥፊ እንደተመታ ሰው ደነገጠች። ከዚያ እንባዋ መጣ፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ከሆዷ ያለቀሰችው ገና አሁን ነው። እያለቀሰች እንደገና ጀመረች፣ አሁን ከአንዲት ሴት፤ ድንጋዩን በጀርባዋ አዝላ፣ ጨቅላዋን በደረቷ አቅፋ ስለተመላለሰች፣ ድልድዩ ሲመረቅ ማንም ስላልጠራት፣ ከሩቅ ቆማ «ያቺኛዋ የኔ ናት» እያለች ለልጇ አንዲት ድንጋይ ስለጠቆመች።

«የቷን?» አሉ አያትየዋ፣ ሳያስቡት አንገታቸውን አስግገው።

ልጅቷ ካርቶኑን አቅፋ ልትጽፍ እየሮጠች ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች።

ደጁ ተንኳኳ። መርዶውን ዘግይተው የሰሙ ሴቶች ናቸው። አያትየዋ ወጡና በሩን ከኋላቸው ቀስ አድርገው ዘጉት። ልጅቷ ተኝታለች ብለው ዋሹ። ሴቶቹ ሲያቅፏቸው የልጃቸው ሞት ገና አሁን የተነገራቸው መሰላቸው፤ ጩኸቱ ከሆዳቸው ተነሣ። ድምፁ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ የሻርፓቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱ።