የጀሶ ጉልበት

ሻንጣ ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጎ ውስጡን እንዳየ እጁን ሰበሰበ። ነጭ ጀሶ ነው። ከጉልበት ከፍ ብሎ ይጀምርና ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ያህል ወርዶ፣ ወሬው አፉ ላይ እንደቀረበት ሰው፣ ድንገት ያልቃል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነው» አለችው ልጅቷ።

ለቀልድ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ በረራ በኋላ በባዕድ ቋንቋ ቶሎ የመጣላት እሱ ብቻ ነው። ፈታሹ አለቃውን ጠራ፤ አለቃው የሱን አለቃ ጠራ። በመጨረሻ ጓንት ያጠለቀች ሴት ክንዷን እስከ ክርኗ ከትታ ባዶ መሆኑን አረጋገጠችና «ወንድሟ» በሰላም አገር ገባ። አብሮት የሄደው የቀኝ እግር ጫማ ግን አንድም ጥያቄ አልቀረበበትም። እናቷ ፊት እስኪያሳይ ወልውላ ነው የላከችው።

ልጅቷ በዩኒቨርሲቲ ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ትማራለች፤ ሁለት ዓመት ጨርሳለች። የክረምቱን እረፍት ውጭ አገር እንድትማር ከክፍሏ የተመረጠችው እሷ ናት። ክረምት ብላ የሄደችበት ወቅት እዚያ ፀሐይ አናት የሚበሳበት ሆኖ አገኘችው፤ የያዘችው ሹራብ በሙሉ ሻንጣው ውስጥ ቀረ።

ወንድሟ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሞተር ብስክሌት ገጭቶት ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ያኔ ሐኪሞቹ «ጉልበቱ ተርፏል፣ እድለኛ ነው» አሉ፤ ቤተሰቡም «እድለኛ» የሚለውን ቃል ለመልመድ ጊዜ ፈጀበት። ልጅቷ ግን ነገሩ ገብቷታል። ጉልበት ያለው ሰው ጥሩ እግር ከተሠራለት ቆሞ ይውላል። ወንድሟም የሚፈልገው እሱኑ ነው።

«ቁጭ ብለህ ብትሠራስ?» ብለውት ነበር።

«ቁጭ የሚለው ደንበኛው ነው። ሁለታችንም ቁጭ ካልን ማን ይላጫል?»

ወንበሩን አንድ የሥራ ባልደረባው ይዞለታል። ቃል የገባለት ግን ትምህርት ቤት እስኪከፈት ነው። ያኔ ልጆች ፀጉር ለመቆረጥ በገፍ ይመጣሉ፤ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ እግሩ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ልጅቷ ከመሄዷ በፊት ከመቆረጥ የተረፈውን እግሩን በሜትር ለክታ፣ በጀሶ ፋሻ ጠቅልላ ቅርጹን ወሰደች፤ ጀሶው ሲደርቅ እንደ ቦት ጫማ ጎትታ አወጣችው። ይኸው ነው በሻንጣ የሄደው።

የሥልጠናው ክፍል ረጅም ነው። ወለሉ ሁልጊዜ ነጭ አቧራ ለብሷል፤ አየሩ የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። መምህሩ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይለየው፣ ሲያመሰግን እንኳ የሚቆጣ የሚመስል ሽማግሌ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ለአንድ ሰው አንድ እግር ይሠራል። የሌሎቹ ታካሚዎች ጠዋት ጠዋት እየመጡ «ይወጋኛል»፣ «ያሳክከኛል»፣ «የባለፈው ይሻል ነበር» ሲሉ ይውላሉ። የሷ ታካሚ አያማርርም። ባዶውን ቅርጽ በጀሶ ሞልታ፣ የላዩን ቅርፊት ልጣ ስታበቃ፣ የወንድሟ ጉልበት ጠረጴዛዋ ላይ ቆመ። በልጅነቱ ኳስ ሲጫወት ያተረፋት እብጠት እንኳ አልቀረችም።

«እንዳንቺ የታደለ የለም» አላት የጎረቤት ጠረጴዛው ልጅ። «የኔው ዛሬ ደግሞ አማቱን ይዞ መጥቷል።»

መጀመሪያ ሰሞን ወንድሟ በቪዲዮ ሲደውል የቀረ እግሩን ወደ ስልኩ ያነሳና «በል፣ ሰላም በላት!» ይለው ነበር። ጉልበቱም እንደ ጨዋ ልጅ እጥፍ ብሎ እጅ ይነሳል። ልጅቷ በሳቅ ትፈርሳለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ወንድሟ ከደረቱ በላይ ብቻ የሚታይ ሰው ሆነ።

«እግርህስ?»

«ብርድ ነው ሚጢ፣ ተሸፋፍኜ ነው።»

«ግድግዳው ምን ሆኖ ነው አረንጓዴ የሆነው?»

እናቷ ከጎን ገባች። «ቀለም ቀባን። በይ አሁን ትምህርትሽን ተማሪ፣ አንቺ ደግሞ!»

ቤታቸው ቀለም ተቀብቶ እንደሚያውቅ ልጅቷ አታስታውስም። ግን ጀሶው ሳይደርቅ መላግ ነበረባትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እግሩ የሚገባበት ፕላስቲክ በጀሶው ላይ ከመለበጡ በፊት ታካሚው እንደገና ይለካል። የተቆረጠ እግር እብጠቱ እየጎደለ ይከሳል፤ የዛሬ ወር ልክ የነበረው ዛሬ ይሰፋል። ልጅቷ የት የት እንደሚለካ ለወንድሟ ነገረችው። በማግስቱ ቁጥሮቹን በስልክ አነበበላት። መምህሩ ካሮጌዎቹ ጋር አስተያያቸው፤ አንዷም ፈቀቅ አላለችም።

«ወንድምሽ ሐውልት ነው?» አላት።

ደግማ ደወለች።

«ለካን አልኩሽ እኮ! ሜትሩን እማዬ ናት የያዘችው። እማዬ፣ አልያዝሽም?»

«ይዣለሁ! በእጄ!» አለች እናቷ ከሩቅ፤ ማንም ያልጠየቃትን «በእጄ» ጨምራ።

«ደጋግመው ለክተዋል» አለችው ልጅቷ ለመምህሩ።

«ታካሚሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ» አለና ሄደ።

ታውቃለች። ወንድሟ ሲዋሽ ድምፁ እንደሚፈጥን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ግን ምድጃው ግሏል፣ ተራዋ ደርሷል፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ተሰልፈዋል። የለሰለሰውን ፕላስቲክ ከጎረቤቷ ጋር አንስታ በወንድሟ ጉልበት ላይ አለበሰችው። ሲበርድ አንዲት መጨማደድ አልነበረበትም። መምህሩ በጣቱ ዞር ዞር አድርጎ ዳበሰውና «ጥሩ ነው» ብሎ ተቆጣ።

ቀጣዩ ሥራ ጀሶውን ከፕላስቲኩ ውስጥ ማውጣት ነው። ሳይሰበር አይወጣም፤ በመሮና በመዶሻ ይፈረፈራል። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ድብደባው ተጀምሯል። ልጅቷ መሮውን አነሳች፤ አስቀመጠች። ስልኳን ጀሶው ላይ አስደግፋ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሰላም አስብለኝ።»

«ሰላም ነው። እንዴት ዋልሽ?»

«አንተን አይደለም። እሱን።»

ወንድሟ ብርድ ልብሱን ወደ አገጩ ሳበ።

«ተኝቷል» አለ።

«ቀስቅሰው።»

ስልኩ ወደ ጣሪያው ዞረ፤ አልጋ ተንቋቋ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደ። በፋሻ የተጠቀለለ አጭር ነገር ከብርድ ልብሱ ወጣ። ወደ ላይ ተነሳ። አልታጠፈም። የሚታጠፍበት ቦታ አልነበረውም።

«መቼ?» አለች።

«በሄድሽ ሰሞን። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ወደ አጥንት ወረደ ተባለ፤ ሆስፒታል ተመልሼ ጉልበቱንም ቆረጡት። ምን ላድርግ፣ በመቀስ የሚስተካከል ነገር አይደለም።»

«ቁጥሮቹስ?»

«ስትሄጂ የለካሽውን አልነበር? እማዬ በቃሏ ይዛዋለች።»

እናቷ ስልኩን ነጠቀች። ዓይኖቿ አብጠዋል። «እኔ ነኝ አትንገሯት ያልኩ። እሱን አትቆጪው። እግሩ ሄደ፤ ትምህርትሽም ይሂድ? ጥለሽ ትመጪ ነበር።»

«እማዬ፣ ክረምቱን ሙሉ እኮ እግር ስሠራ ነው የከረምኩት!»

«እሱስ ጥሩ ነው የኔ ልጅ። ለሌላ ሰው ይሆናል።»

«አይሆንም! የሰው እግር ኮፍያ ነው እንዴ? በልኩ ነው የተሠራው። በዓለም ላይ ከሱ በቀር ለማንም አይሆንም፤ ለሱም አይሆንም!»

ድብደባው በያለበት ቆመ። ቋንቋው ያልገባቸው ሁሉ ጩኸቱ ገብቷቸዋል። መምህሩ መጣና ስልኩን አየ፤ ፋሻውን አየ፤ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ መልሶ ሰካው።

«ከጉልበት በላይ የሚሠራው ሌላ ትምህርት ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ባንድ ክረምት አይሆንም። ወደፊት ሲሠራለት ግን ከታች የሚገጠመው መርገጫና ቱቦ ያገለግላል፤ እሱን ውሰጂለት። የሥልጠናው ፈተና ነገ ነው። ጀሶውን አውጪ።»

«ምን እያለሽ ነው?» አለ ወንድሟ። ስልኩን ከእናቱ አስመልሷል።

«ጉልበትህን ስበሪ እያለኝ ነው።»

ወንድሟ ከስልኩ ወዲያ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

«ስበሪዋ። አንዴ ተቆርጣለች፤ ሁለተኛ አያማትም።»

«ወንበሩስ ጋሼ?»

«ሰጥቼዋለሁ። ምላጬን ብቻ አስቀረሁ።» ድምፁ አልፈጠነም።

ስልኩን ወደ ጎን አድርጋ መሮውን ደገነች። የመጀመሪያው ምት ጀሶውን ጫር አድርጎት ብቻ አለፈ። በሁለተኛው ተሰነጠቀ። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመታች አታውቅም፤ ስታቆም ፕላስቲኩ ባዶ ነበር፣ ጠረጴዛው በነጭ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ነበር፣ ወንድሟም ስልኩን አልዘጋም። እስከ መጨረሻው ሲሰማ ነበር።

«ሜትሩን አምጣ» አለችው ፊቷን በክንዷ እየጠረገች።

«ለምኑ?»

«ለሱ። ከጫፉ ጀምረህ ወደ ላይ ለካ። እማዬ እንዳትይዝልህ።»

«በፋሻው ላይ?»

«በፋሻው ላይ።»

መምህሩ እርሳሱን አቀበላት። ወንድሟ እያቃሰተ፣ እያረፈ፣ አንድ በአንድ አነበበላት። የምታውቀው ቁጥር አንድም አልነበረም። የምትጽፍበት ስታጣ ከፍርፋሪው ትልቁን ቁራጭ አነሳች፤ የኳሷ እብጠት ያለችበት ነው። ገልብጣ፣ በተሰበረው ወገን ቁጥሮቹን ጻፈችበት።