ለትምህርት ቤት የሚቀርበው ቤት

ልጄ ከድጃን በሦስት ዓመቷ ቀኝ እግሯን ልምሻ መታት። ሰው ሁሉ «ለእሷስ ቤት መዋል ይሻላታል» ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ «የታመመው እግሯ እንጂ ጭንቅላቷ አይደለም» እያልኩ ስንቱን ጎረቤት አስኮረፍኩ። ያኔ የምንኖረው ፉሪ ዳር ነው፤ ትምህርት ቤቱ የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል። ትልቁ ልጄ ሱልጣን ጠዋት ጠዋት አዝሏት እየሄደ የራሱ ክፍል ሁልጊዜ አርፍዶ ይገባ ነበር። በ1977 ጥቅምት ላይ ጭቃው አዳልጧቸው አብረው ወደቁ። ከዚያ በኋላ ከድጃ ትምህርቷን አቋረጠች።

በዚያው ዓመት ክረምት ባለቤቴ ሸምሱ ሁለት የቀበሌ ቤቶች መለቀቃቸውን ሰማ፤ አንዱ ላፍቶ፣ ሌላው መካኒሳ አቦ። ሸምሱ ሸቀጥ ነጋዴ ነው፤ በየቤቶቹ አቅራቢያ ያሉትን ትምህርት ቤቶች እንደ ድንች ከረጢት ያገላብጣቸው ጀመር። የላፍቶው አጥር አለው፣ አስተማሪዎቹም አይቀሩም፤ አቦ ሰፈር ግን በአንድ ክፍል ዘጠና ልጅ ይቀመጣል። እሱ ላፍቶን ወደደ። የእኔ መስፈሪያ ሌላ ነበር። ከድጃን ይዤ ከየቤቱ በር እስከ ትምህርት ቤቱ በር አስሄድኳትና ስንት ጊዜ እንደምትቀመጥ ቆጠርኩ። ላፍቶ አራት ጊዜ ተቀመጠች፤ የጭነት መኪና የሚከንፍበትን አስፋልትም መሻገር ነበረባት። አቦ ሰፈር አንዴ ብቻ አረፈች፤ እሱም ደክሟት ሳይሆን የሚጫወቱ ልጆች ለማየት ነው። ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ አልኩት ሸምሱን።

አላለቀም። የአቦው ቤት ባለሁለት ክፍል ስለሆነ ቅድሚያው ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ ላለው ቤተሰብ ነው ተባለ። ሱልጣን ገና አሥራ ስድስት ዓመቱን መያዙ ነበር፤ ቁመቱ ግን ከአባቱ በልጧል። የቀበሌው የቤቶች ጉዳይ ሠራተኛ ምትኩ ቅጹን ዘርግቶ የወንዱን ልጅ ዕድሜ ሲጠይቅ ሸምሱ ወለል ወለሉን አየ። እሱ ሚዛን አይሰርቅም፣ ቃልም አይጨምርም።

«አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አልኩ እኔ።

የመሠረተ ትምህርት ሰርተፍኬት ነበረኝ። ከስሜ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ስሜን ግን አሳምሬ ፈረምኩ። ስንወጣ ሸምሱ በልጅ ዕድሜ አይዋሽም አለኝ። ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ራሱ ይደርስባታል ብዬ ሳቅኩበት።

መስከረም ላይ ከድጃ ደብተሯን በፌስታል ይዛ ብቻዋን ሄደች። በር ላይ ቆሜ ከኋላዋ እያየሁ በደስታ አለቀስኩ። ሱልጣንም ክፍሉ በሰዓቱ መግባት ጀመረ። አራት ወር ሙሉ ከእኔ የበለጠ ብልህ ሴት ያለች አይመስለኝም ነበር።

ጥር ላይ ለቀበሌው የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። መንገድ ለመንገድ ወጣት ማሳደድ አላስፈለጋቸውም፤ ስሙን ከቅጽ ላይ ገለበጡ። ሱልጣንን በጠራራ ፀሐይ ከቤት ጠርተው ወሰዱት። የጫማውን ክር አስሮ እስኪጨርስ ጠብቀውታል፤ ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም።

ምትኩ ዘንድ ሮጥኩ። ዋሽቻለሁ፣ ልጁ አሥራ ስድስት ነው፣ ቤቱን ውሰዱት፣ ዛሬውኑ እንወጣለን አልኩት። ፋይሉን አውጥቶ ፊርማዬን አሳየኝ። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቱ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ የበለጠ ማን ያውቃል ብዬ ነው የጻፍኩት» አለኝ። «ዝርዝሩ ከእጃችን ወጥቷል። ምናልባት ራሱ ማሠልጠኛው ሲደርስ አልደረስኩም ካለ፣ ልጅነቱን አይተው ይመልሱት ይሆናል።»

ያቺን ምናልባት ይዤ ተቀመጥኩ። ጢም እንኳ አላበቀለም፣ ያየው ሁሉ ያውቃል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር የምነሣው እኔ ነበርኩ። ሸምሱ አንድ ቀንም «ብዬሽ ነበር» አላለኝም።

ደብዳቤ የመጣው በዓመቱ፣ በከድጃ ትምህርት ቤት አድራሻ ነው። ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። አባቷ ሱቅ ስለነበር እኔ አነባለሁ ብላ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ቃሉን እየቆራረጠች ጀመረች። ደህና ነኝ ይላል። ብርዱን ለምጄዋለሁ ይላል። ቀጥላ እንዲህ አነበበች፦

«የመጣን ጊዜ ሐኪሙ ፊቴን አይቶ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ልጅ ከሆንክ ንገረኝ፣ እመልስሃለሁ አለኝ። አሥራ ስምንት ነኝ አልኩት። እናቱ ዋሽታለች ከተባለ ቤቱን ይወስዱባችኋል፤ ከድጃም ከትምህርቷ ትቀራለች ብዬ ነው።»

ከድጃ አቆመች። የመጨረሻውን መስመር በጣቷ እየተከተለች እንደገና አነበበችው፤ አንድም ፊደል አልሳተችም።

«እማዬ፣ ሱልጣን ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

«አሥራ ሰባት» አልኳት።

በነጋታው ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። ለመንኳት፣ አባበልኳት፣ እምቢ አለች። ልጄን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመታኋት ያን ቀን ነው። እያለቀሰች ሄደች።