ከጋቢው ሥር

ባሌ ዘውዴ ጸሎተኛ የሆነው ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ነው። ከዚያ በፊትማ አባታችን ሆይን እንኳ ካልሲውን እያጠለቀ ነበር የሚጨርሰው።

ስኳሩ የግራ እግሩን አውራ ጣት አቁስሎበት አስተኙን። አስተኙን ያልኩት እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ አስታማሚዋ ወንበሩ ላይ ስለሆንን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው አፉን ከጣፋጭ መጠበቅ አይችልም፤ ስለዚህ የምጠብቅለት እኔ ነኝ። ጠያቂ የያዘውን ፌስታል በር ላይ ሳልፈትሽ አላስገባም። ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ ማሩ፣ ሁሉም ወደመጣበት ይመለሳል። ነርሶቹ በሌለሁበት "ኬላ" እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ ይበሉኝ። ሳይፈተሽ የሚያልፈው ሪድዋን ብቻ ነው። ከዘውዴ ጋር አንድ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ጀጎል ውስጥ የሚኖር ጓደኛው ነው። በየቀኑ ከፈረስ መጋላ ባጃጅ ይዞ ይመጣል፤ እጁ ላይ ከፀሐይ መከላከያ ጥላው በቀር ምንም የለም። ሰሞኑን ሽቶ ማብዛቱን ታዝቤ ነበር። ቢሆንም ሰውየው ድሮም ሽቶ ይወዳል።

ሪድዋን ከሄደ በኋላ ዘውዴ አልጋው ጫፍ ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቀመጥና ጋቢውን ከነራሱ ይከናነባል። ከውስጥ የማንሾካሾክ ድምፅ ይሰማል። አንዳንዴ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰ ነው ብዬ የእኔም እንባ ይመጣል። መቼም የሚጸልይ ሰው አይነካም፣ አይጠራም፤ ፊቴን አዞርለታለሁ። አንድ ቀን መርፌ ልትወጋው የመጣችውን ነርስ "ቆይ፣ ከፈጣሪው ጋር ነው" ብዬ በር ላይ አቁሜያታለሁ። ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ይህንኑ አወራሁ።

ከዚያ ሽፍታው መጣ። አፉ ዙሪያውን ቀልቶ ውኃ ቋጠረ፣ ጣቶቹን ያሳክከው ጀመር። ወዲያው መድኃኒቱ ነው አልኩ። በደም ሥሩ የሚሰጡት፣ ቁስሉን እያደረቀለት የነበረ መድኃኒት ነው። የክፍሉ ሐኪም ዶክተር ሚልኪያስ "ትንሽ እንየው" ቢል ጮህኩበት። "ቆዳውን ገፋችሁ ልትጨርሱት ነው?" አልኩ። ቢቸግረው አቆመው። መድኃኒቱ ሲቆም ቁስሉ መልሶ ማመርቀዝ ጀመረ።

"ሌላው መድኃኒት ለዚህ ቁስል ደካማ ነው" አለኝ ዶክተሩ። "ይህኛው የማይስማማው ከሆነ የእግሩን ጣት መቁረጣችን አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን የቆዳ ሐኪም ትየው።"

የቆዳ ሐኪሟ ሰላማዊት ትባላለች፤ የተኛ ሰው ቆዳው ሲታመም ከክፍል ክፍል እየተጠራች የምታይ፣ ገና ልጅ ናት። ቅባት አዝዛ ውልቅ የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን መጋረጃውን ከፍታ፣ ወንበሬን ስባ ተቀመጠችና ባሌን እንደ ካርታ ታነበው ጀመር። አፉን አየች። ጣቶቹን አንድ በአንድ አየች።

"መድኃኒት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ደረትና ጀርባ ላይ ነው የሚወጣው" አለች። "ጋሼ፣ እስቲ ሸሚዝዎን ያውልቁልኝ።"

ዘውዴ ኮሌታውን ጨበጠ። "ይበርደኛል።"

"በዚህ ሙቀት?" አልኩ።

አወለቀ። ደረቱ ንጹሕ፣ ጀርባው ንጹሕ። ግራ ብብቱ ሥር ግን ጡጫ የሚያክል፣ ሞላላ፣ ባንድ በኩል ሾል ያለ ቅላት ነበር። ሰላማዊት ከንፈሯን ነከሰች። ሣቋን እየዋጠች እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

"ጋሼ፣ ማንጎ ይወዳሉ?"

ዘውዴ ጣሪያውን ያይ ጀመር።

"የማንጎ ልጣጭና ከተቀጠፈበት ጫፍ የሚወጣው ፈሳሽ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። በጥርስ ሲልጡት አፍ ላይ፣ ሲይዙት ጣት ላይ፣ ሲሸጉጡት ደግሞ..." ብላ ወደ ብብቱ ጠቆመች። "ይኼ ከሆነ መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንቀጥላለን፤ ጣትዎም ይተርፋል። ካልሆነ ግን መድኃኒቱን ዳግመኛ አንሰጥዎትም። ይንገሩኝ።"

ዘውዴ እኔን አየኝ። ከዚያ ጣቱን አየ።

"እኔ እያለሁ ማንጎ በዚህ በር አላለፈም!" ብዬ ተነሣሁ።

ይህን ስል ሪድዋን፣ ሽቶው ቀድሞት፣ ጥላውን ይዞ ገባ። ያ ጥላ ወፍሮብኝ ታየኝ።

"ሪድዋን፣ ለዚህ ሰው ማንጎ ታመጣለታለህ?"

"እኔ? ማንጎ?"

"ወላሂ በል።"

አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። "አስተግፊሩላህ! ጥሩዬ፣ ለማንጎ ብለሽ ልታስምዪኝ ነው?" አለና ጥላውን ከኋላው ደበቀ። ነጥቄ ዘረጋሁት። ማንጎው ዱብ ብሎ ከአልጋው ሥር ተንከባለለ።

ክፍሉ በሣቅ ተናጋ። ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ፣ ያ ሁሉ ማንሾካሾክ ገባኝ። እኔ ለማንጎ ነርስ አቁሜያለሁ!

"ዘውዴ" አልኩ። "ጣትህን ሊቆርጡ ነው ሲሉህ እንኳ ዝም ትላለህ?"

"እነሱ እኮ ጣቴን ብቻ ነው የሚቆርጡት" አለ።

ሰላማዊት ሣቋ አመለጣት፤ ሪድዋን ግድግዳ ይዞ ሣቀ። እኔ ግን አልሣቅሁም። አመመኝ። ሰውየው ከቢላ ይልቅ የፈራው እኔን ነው። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ ተመለስኩ።

መድኃኒቱ ያንኑ ዕለት ተጀመረ፤ ሽፍታውም በቅባት ከሰመ። ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ዶክተር ሚልኪያስን ሄጄ ጠየቅሁት። ማንጎ ይቅርበት፣ ከዘይቱን ፍሬ ግን ግማሽ ብቻ ይችላል አለኝ። ገበያ ወርጄ ራሴ መርጬ ገዛሁ፤ አጥቤ ለሁለት ከፈልኩና ግማሹን ሰጠሁት።

ተቀበለኝና፣ ለምዶበት፣ ጋቢውን ወደ ራሱ ሳበ።

"ግለጠው" አልኩት። "ፊትህን እያየሁ ብላ።"

ቀስ ብሎ ገለጠው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያኝከው፤ ጉንጩ ላይ እንደ ልጅ ጉድጓድ ይሠራል። ስኳር ከያዘው ወዲህ ሲበላ የማየው ሳህኑን ነበር።